የመካነ ሰላም ስንዴ ኢንተርኔት ገባ

እኔ የምለው፣ አንድ ነገር «ለሁሉም ክፍት ነው» ሲባል እናንተም እንደ እኔ ትደነግጣላችሁ? እኔ እደነግጣለሁ። ልምድ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግቢ «ለሁሉም ተገልጋይ ክፍት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት ነበር። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደግሞ ጎረቤት ወረዳ፣ ከላላ፣ ለቅሶ ሄዷል። ከላላ ሰው የሚተርፍ አይመስለኝም፤ ሰውየው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ተገልጋዩ ጽሑፉን ደጋግሞ እያነበበ በቁሙ ይንቆራጠጣል። ክፍት ነው ተብሏል፤ ማንን ይክሰስ?

ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ መጸዳጃ ቤት አይደለም። ስለ ስንዴ ነው። ስንዴያችን ኢንተርኔት ስለ ገባበት ዓመት።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬን ገና አልበላሁም። መካነ ሰላም ያለ፣ ውሎው ከግብርና ጋር የሆነ መሥሪያ ቤት ነው በሉት። እኔ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። ጊዜው ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ከአንዱ ግምገማ ወጥቶ ሌላው ግምገማ የሚገባበት ዘመን ነው። አርሶ አደሩ እርሻ ላይ ከሚውለው ስብሰባ ላይ የሚውለው ይበልጥ ነበር ብል አጋነንኩ ትሉኛላችሁ? ይሁን። ያለ ማጋነን የሚወጋ ወግ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

እናላችሁ፣ አንድ ቀን ደሴ ለሥልጠና ተጠራን። በዚያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ደሴ መሄድ እንዲህ በቀላሉ የሚወራ አልነበረም። ፀሐይ ሳትወጣ ተሳፍረህ፣ አቀስታ ላይ ቁርስ ቀማምሰህ፣ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንትህን ሲቆጥረው ቆይቶ፣ ደሴ ስትወርድ እናትህም አትለይህም። አቧራው እኩል ያደርገናል። ኃላፊና ሠራተኛ እኩል የሚሆኑት አውቶቡስ ላይ ብቻ ነው።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። ነገሩን ሲያስረዳ ደስ ይላል። «እያንዳንዱ አካባቢ» አለ፣ «የተለያዩ የስንዴ ዝርያዎችን ጎን ለጎን እየዘራ ይሞክራል። የትኛው ብዙ አፈራ? የትኛው ውርጭ ቻለ? የትኛውን በሽታ ጣለው? ይህ ሁሉ ውጤት እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አይጥ ሲበላው ኖረ። ከእንግዲህ ግን ሁላችሁም ውጤታችሁን አንድ ድረ ገጽ ላይ ታስገባላችሁ። ዳታቤዝ ይባላል። አርሲ የታየውን መካነ ሰላም ያያል፤ መካነ ሰላም የታየውን አርሲ ያያል። ለሁሉም ክፍት ነው።»

እዚህ ላይ መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። አጨበጨብኩ። የእውነቴን ነው፣ እጄ እስኪግል አጨበጨብኩ። አንዱ ገበሬ የከሰረበትን ሌላው ሳይከስርበት ማወቅ ከቻለ ከዚህ በላይ ምን ልማት አለ?

ሙከራችን የነበረው የአያ እንድሪስ ማሳ ላይ ነው። አያ እንድሪስ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በከላላ መንገድ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር አዋቂ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ከማሳቸው ጥጉን ለሙከራ ሰጥተውን፣ እኛ ዝርያዎቹን በመስመር በመስመር ዘራንበት። ዝርያዎቹ የሚታወቁት በቁጥር ነው። አገሬው ግን ቁጥር አይወድም። ከሁሉም በላይ መለል ብላ፣ ዛላዋ ከብዷት አንገቷን የደፋችውን አንዷን ገበያተኛው ሁሉ እየቆመ አየና «ሸጋዋ» አላት። በዚያው ቀረች። እኛም በሪፖርት ቁጥሯን እንጽፋለን፤ በአፋችን ሸጋዋ እንላለን።

በዚያ ዓመት ሸጋዋ አንደኛ ወጣች። ውጤቱን ዳታቤዙ ላይ የማስገባቱ ሥራ የእኔ ሆነ።

ኢንተርኔታችን አንዲት አንቴና ያላት፣ ሲዲኤምኤ የምትባል ገመድ አልባ ስልክ ነበረች። መስመር የምትይዘው መስኮቱ ተከፍቶ አንድ ሰው ወደ ውጭ ዘርግቶ ሲይዛት ነው። ያ ሰው በበጋ አቧራ ይጠጣል፤ በክረምት ይበሰብሳል። ተራ አወጣንለት። መብራት ሲመጣ መስመር ይሄዳል፤ መስመር ሲመጣ መብራት ይሄዳል። የተኳረፉ ጣውንቶች ናቸው፣ አንድ ቤት አብረው አይቀመጡም። ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠብኝ ባልነግራችሁ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ምን እንዳስታረቃቸው እንጃ፣ አንድ ጠዋት አብረው ዋሉና ገባልኝ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ አመሰገነኝ። ኃላፊያችን በደስታ ለቢሮው ሰው ሁሉ ለስላሳ ጋበዙ፤ ለዞን በላኩት ሪፖርትም ሥራው መቶ በመቶ መከናወኑን ጻፉ።

ብዙም ሳይቆይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ከባሕር ማዶ አንድ ተማሪ ኢሜይል ጻፈልን። የመካነ ሰላምን የስንዴ ውጤት ተጠቅሜ የመመረቂያ ጽሑፌን ጨረስኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ኃላፊያችን አሳተሙና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። እኔም ለአያ እንድሪስ ልነግራቸው ገሠገሥኩ።

«ያልተማረ ስንዴ ሰውየውን አስመረቀው በለኛ!» አሉ። ትከሻቸው ሳቀ።

«አዎ አያ።»

«ሹክር ነው። እንግዲህ የኛ ወደ እነሱ ከሄደ፣ የእነሱም ወደ እኛ ይመጣላ?»

«ይመጣል አያ። ዓላማው እሱ ነው።»

«እስቲ የመጣውን አሳየኝ።»

ምን ላሳያቸው? ለካ ዳታቤዙ ሁለት የይለፍ ቃል ነበረው። አንዱ ለማስገባት፣ አንዱ ለማየት። ለማስገባት የሚያገለግለው ደሴ ተሰጥቶኛል። ለማየት የሚያገለግለው ግን «በቅርቡ ይላክላችኋል» ከተባለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ይህንኑ አስረዳኋቸው። አያ እንድሪስ ሰማዩን አየት አደረጉና፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

አሁን ስለ ሐዋ ልንገራችሁ። ሐዋ የአያ እንድሪስ ልጅ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ሄደች፤ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ የቤቱን ቆርቆሮ ለወጠች። ስትደውል «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ወገቧ ግን ደህና አልነበረም። እናቷ ያውቁት ነበር፤ እቃ ስታነሳ የምታወጣውን ድምፅ በስልክ ሰምተውታል። ስለዚህ አባትና ልጅ መከሩ። ሐዋ ኮንትራቷን ስትጨርስ ላታድስ ነው። በላከችው ገንዘብ አያ እንድሪስ የጎረቤቶቻቸውን መሬት ተከራይተው፣ ከዳር እስከ ዳር ሸጋዋን ሊዘሩ ነው። ከምርቱ ደግሞ ሐዋ መካነ ሰላም ላይ ሱቅ ልትከፍት። ስለ ሱቁ ሲያወሩ መደርደሪያው የቱ ጋ እንደሚሆን ሳይቀር ይነግሩሃል። ከዚህ በኋላ ሸጋዋ ለእሳቸው ስንዴ አልነበረችም። የልጃቸው የመመለሻ ትኬት ነበረች።

ግንቦት ላይ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ አርሲ ሆኖ ደወለልኝ። የሆድ የሆዳችንን ስናወራ ቆየንና፣ ስለ ሸጋዋ ሳወራለት ቁጥሯን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እሷ ነገር እኮ እኛ ጋ በበሽታ ወደቀች ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። «እኔ አሁን ሌላ ክፍል ነኝ፤ ዝርዝሩን አላውቅም። ግን ዳታቤዙ ላይ አስገብተውታል። ለምን ገብተህ አታየውም?»

ለምን ገብተህ አታየውም! ምን ነካው? የመካነ ሰላም ሰው ቢሆን እንዲህ ብሎ አይሰድበኝም ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፌን አጣሁ። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ የይለፍ ቃል ለማግኘት በመሥሪያ ቤትዎ በኩል በደብዳቤ ይጠይቁ አሉኝ። በደብዳቤ ጠየቅን። ደብዳቤው ሳይደርስ ምርጥ ዘሩ ደረሰ። በመኪና ተጭኖ፣ ሸጋዋ ራሷ። ኃላፊያችንን «ጥቂት እንታገሥ» ብላቸው፣ «ዘር ማሠራጨት በዕቅድ የተያዘው ለሰኔ ነው፤ አንተ በወሬ ዕቅድ ታጓትታለህ?» አሉኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ልጆቼ ሲታመሙ በራሳቸው ገንዘብ መኪና የተከራዩልኝ ሰው ናቸው። ግን እሳቸውም ገምጋሚ አላቸው። ገምጋሚያቸውም ገምጋሚ አለው። ዘሩ ታደለ፤ አያ እንድሪስም የተከራዩትን መሬት ሁሉ ዘሩበት።

ሐምሌ ሲገባ የማየቱ የይለፍ ቃል መጣ። ሲዲኤምኤያችን ደግሞ ከነአካቴው ሞተች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ጨንቆኝ ደሴ ሄድኩ። ጭቃው አውቶቡሱን ውጦ ሲተፋው፣ ስንወርድ ስንገፋ፣ እንደ ምንም ደረስን። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ገጹ ተከፈተ! አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ደንግጣ እስክታየኝ ድረስ «ተከፈተ!» ብዬ ጮህኩ።

ያየሁት ግን የሚያስጮህ አልነበረም። አርሲ ላይ ሸጋዋን አዲስ ዓይነት ቢጫ ዋግ ጠራርጎ በልቷታል። ዋግ ነው ያልኩት፣ ወግ አይደለም። ወግማ ቢበዛ ያሰለቻል እንጂ ስንዴ አያደርቅም። ዋግ ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚበላ በሽታ ነው። ከሥሩ ደግሞ አንድ የሚያጽናና ቃል ነበር፤ ገና ምልክቱ ሲታይ መድኃኒት ከተረጨ ሰብሉ ይተርፋል ይላል። እንዲታተምልኝ ጠየቅሁ። ቀለም አልቋል አሉኝ። ጎረቤት ልሂድ ብዬ ስነሳ መብራት ሄደ። ያስታወስኩትን በአውቶቡስ ትኬቴ ጀርባ ጻፍኩና ተመለስኩ።

በተመለስኩበት ሰሞን አገሩ ሁሉ ተዘርቶ አረንጓዴ ሆኗል። ቢሆንም አልረፈደም፤ መድኃኒቱን ቀድመን ካስመጣን ያድናል። ትኬቴን ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ገለበጡት፤ አገላበጡት።

«ይሄ ትኬት ነው» አሉ።

«ጀርባውን ይዩት።»

«በእጅ የተጻፈ ነው። ዞን በእጅ የተጻፈ ማስረጃ ይዤ መድኃኒት ልጠይቅ? አንተ ራስህ አይደለህም መረጃ ከእንግዲህ በኢንተርኔት ነው ያልከው?»

«ዳታቤዙ ላይ አለ።»

«እንግዲያው አሳየኝ።»

የሞተችው ሲዲኤምኤ ተጠግና መጥታ ነበር። ባለተራው ሰው በመስኮት ዘረጋት። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ገጹ መከፈት ጀመረ፤ ጀመረ፤ ጀመረ። ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ባዶ ነው» አሉ ኃላፊያችን።

«አልተከፈተም እንጂ ባዶ አይደለም።»

«እኔ የሚታየኝ ባዶ ነው።»

«ጌታዬ፣ እዚያ ውስጥ አርሲ አለች። የተበላ ስንዴ አለ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። በርኅራኄ ነበር ያዩኝ። «ዕረፍት ትወስድ እንደሆነ ፈቃድ እፈርምልሃለሁ» አሉኝ።

በማግሥቱም በሰልስቱም ሞከርን። ያው ነጭ። በመጨረሻ «ማስረጃው እንደ ተገኘ ይቀርባል» የሚል ጥያቄ ለዞን ላክን። ዞንም ማስረጃው እንደ ቀረበ መድኃኒቱ ይላካል ብሎ መለሰ። ተግባባን ማለት ነው። ለአያ እንድሪስ ግን ቁርጡን ነገርኳቸው። በራሳቸው መድኃኒት ሊገዙ ቆርጠው መካነ ሰላምን አሰሱ፤ ሰው ልከው አቀስታ አስጠየቁ። የበግ መድኃኒት አለ። የተባይ መድኃኒት አለ። የዋግ የለም። ለማይታይ በሽታ ማን ያስመጣል?

መስከረም ሲጠባ መጣ። መጀመሪያ አንዲት ቅጠል ላይ ቢጫ ነጠብጣብ። ከዚያ እንደ ክር በመስመር። ከዚያ ማሳው ሁሉ። በስንዴው መሐል ስታልፍ ሱሪህ ቢጫ ዱቄት ይለብሳል። ከሩቅ ያየ መንገደኛ የደረሰ አዝመራ መስሎት «በረካ ነው ዘንድሮ!» እያለ ያልፋል። አያ እንድሪስ «አሚን» ይሉታል። ምን ይበሉት?

ሙስሊሙ ዱዓ ተቀመጠ። ክርስቲያኑ ምህላ ያዘ። እንደ ወሎ ወግ አንዱ ሌላው ጋ እየሄደ «አሚን» ብሏል። ማስረጃ ያልጠየቀን ፈጣሪ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የዚያን ዓመት መልስ አልሰጠንም። መድኃኒቱስ? መድኃኒቱ መጣ እንጂ። ኅዳር ላይ፣ ገለባው ታጭዶ ሲያልቅ። አሁን መጋዘን ውስጥ ነው።

አያ እንድሪስ ወቁት። ያገኙትን ፍሬ በመዳፋቸው አንስተው እፍ ቢሉበት ከነገለባው ሄደ። ባዶውን መዳፋቸውን ሲያዩ ቆዩ። እኔ በጎን ቆሜያለሁ። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ምን ይላል? «አይዞዎት» ማለት ይቀላል። መንሹን አነሳሁና ገለባውን ወደ ጥግ ገፋሁ።

ከጁምዓ በኋላ ለሐዋ ሊደውሉ ሲሉ፣ «ምናልባት የሚያስረዳ ካስፈለገ» ብለው አብሬያቸው እንድሆን ለመኑኝ። ኔትወርክ የሚያገኘው ጉብታ ላይ ወጣን። ጆሯቸው ስለ ደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያው አደረግሁላቸው። ሐዋ አነሳች። ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ የእናቷን ሳል ጠየቀች። አያ እንድሪስ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ሐዋዬ፣ አልተሳካም» አሉ።

«ምኑ አባ?»

«ስንዴው። ወሰደው።»

«ማን ነው የወሰደው?»

አያ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። ማንን ሊሉ እንደሆነ እንጃ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡና፣ «ዋግ» አሉ። «ዋግ የሚባል በሽታ።»

ጅዳ ላይ አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ። «አብሽር አባ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እህል ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። እኔም… ማዳም ኮንትራቱን አድሺ እያለችኝ ነበር። ሳስብበት ነበር፤ እንዲያውም ይሻላል።»

«ወገብሽስ?»

«ደህና ነው።»

«ሱቁስ ልጄ?»

«ሱቁ የት ይሄዳል አባ? ገና አልተከፈተ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ መስመሩ ተቆረጠ።

አያ እንድሪስ ስልኩን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት። ደጋግመው ጠረጉት። ቆሻሻ አልነበረበትም። ከጉብታው ወረድን። እኔ ያን ዕለት ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ ባለቅስ ነውር ሆነብኝ።

ጥር ላይ አገር ምድሩ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔና አያ እንድሪስ ኋላ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ኃላፊያችን ተነሡና ከበላይ የመጣ መመሪያ አነበቡ። በዳታቤዝ በተገኘ መረጃ መሠረት፣ ቁጥሯ ይህ የሆነው የስንዴ ዝርያ በቢጫ ዋግ ክፉኛ የምትጠቃ ስለሆነ፣ አርሶ አደሮች እንዳይዘሯት በጥብቅ ይነገራቸው ይላል። ሸጋዋ ናት። አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉና አስተያየት ያለው እንዳለ ጠየቁ።

አያ እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉኝ።

ምን ላድርግ፣ የሙያዬ ነገር ነውና ተሟገትኩ። «ውሻውስ በጊዜው ጮኾ ነበር አያ። ኔትወርክ አጥቶ ነው እንጂ።»

«ጅቡስ?» አሉ።

«የቱ ጅብ?»

«ዋጉ ነዋ። ከአርሲ እኛ ድረስ በምን መጣ?»

«በንፋስ ነው አያ።»

«በንፋስ ብቻ?»

«በንፋስ ብቻ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትከሻቸው ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው ልጄ» አሉ፣ «ለከርሞ ማስጠንቀቂያውንም በእሱ ላኩልን።»